የአውራ ጣት ቦታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሰው ገደልክ ይለኛል። አንዳንዱ ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ መጨረሻው ላይ እዚያው ይደርሳል። አንድም ሰው አልገደልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የተኮስኩት ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀይ ጉብታ ላይ ነው። የፖሊስ ተኩስ አስተማሪ ነበርኩ። የጡረታ ቅጼን የሞላችልኝ ልጅ «የሥራ ዓይነት» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አንስታ አየችኝና «አስተማሪ ብዬ ልተወው?» አለች። «ተዪው» አልኳት።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱን ግን ልረሳው አልቻልኩም። ብዕር ያነሳሁት እሱን ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ባቲ ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ ጥቂት ቆይቼ፣ ዞኑ ሲቋቋም ወደ ከሚሴ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው የፖሊስ ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ተኩስ ማስተማርን የተማርኩት ባቲ ሳለሁ ሃምሳ አለቃ ይማም ከሚባሉ ሰው ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ጥይት ከማስተኮሳቸው በፊት ተማሪውን ሳምንት ሙሉ በባዶ ሽጉጥ ያሠሩታል። በሽጉጡ ጀርባ ላይ የሃያ አምስት ሳንቲም ያስቀምጡና ቃታውን «ሳብ» ይሉታል። ሳንቲሙ ከወደቀ ያነሱና እንደገና ያስቀምጣሉ፤ አይቆጡም፣ አይመክሩም። ሜዳ ሲወጡ ደግሞ ከደህናዎቹ ጥይቶች መሐል አንድ የከሸፈ ይቀላቅላሉ። ተኳሹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የከሸፈው ላይ ሲደርስ ቃታው «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል፤ ያኔ አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ሰውየው ጥይቱን ሳይሆን ድምፁን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ኢላማውን አለማየታቸው ነበር። ተማሪው ሲተኩስ ሁላችንም ወረቀቱ ላይ ስናፈጥ፣ እሳቸው ትከሻው ሥር ይቆሙና እጁን ያያሉ። የመፋቂያቸው ሽታ እስኪሸት ድረስ ይቀርባሉ። አንድ ቀን ለምን ወረቀቱን እንደማያዩ ጠየቅኳቸው።

«ወረቀቱ ጥይቱ የት እንደደረሰ ነው የሚነግርህ» አሉኝ። «ለምን እዚያ እንደደረሰ የሚነግርህ እጁ ነው። አንተ እጁን እይ።»

ጣቱ ከቦታው የወጣ ተማሪ ካዩ ቃል አይናገሩም። እጃቸውን ዘርግተው የልጁን አውራ ጣት ይይዙና ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። ይህን ሁሉ ከሳቸው ተማርኩ፤ ከሚሴ ስመጣም ወንድ ፖሊሶቹን በዚሁ መንገድ አስተማርኩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ አላህ ይማራቸው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰባት ሴት ኮንስታብሎች ተመደቡልን። ከዚያ በፊት የነበሩን ጥቂት ሴቶች ኬላ ላይ ሴት መንገደኛ ይፈትሹ ነበር፤ ያለዚያም ቢሮ ይቀመጣሉ። አዛዣችን ሰብስበውን፣ ከአሁን በኋላ ለመስክ የሚወጣ ሁሉ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ የሽጉጥ ፈተና ማለፍ አለበት አሉ። ችግሩ ሽጉጡ ነበር። ትንንሾቹ ሽጉጦች ለሹማምንት ታድለው አልቀዋል። መሣሪያ ክፍል የቀረው ከንጉሡ ዘመን የተረፈው ትልቁ ነው፤ ጥይቱ የትንሽ ጣቴን ያህል የሚወፍር፣ ቀበቶ ላይ ሲታሰር ሱሪ ወደ ታች የሚጎትት። እኛ «አዛውንቱ» እንለው ነበር። ትንሹን ሽጉጥ በአንድ እጅ ነው የምንተኩሰው። አዛውንቱ ግን ስለሚራገጥ በሁለት እጅ ካልተያዘ አይቻልም። አንድ ጎረምሳ ኮንስታብል በአንድ እጅ ልሞክር ብሎ ግንባሩን በሽጉጡ ሊመታ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከሰባቱ አንዷ ከጨፋ ሮቢት የመጣችው ዘሃራ ነበረች። አባቷ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ቀጭን ናት፣ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ዓይን ዓይን እያየች ነው። የመጀመሪያው ቀን ለምን ፖሊስ እንደሆኑ በየተራ ስጠይቃቸው ሌሎቹ ሳቁ፣ አፈሩ። እሷ «መርማሪ መሆን ነው የምፈልገው» አለች።

«ለምን?»

«ታላቅ እህቴ ተጠልፋ ነበር፣ ሳጅን። ቃሏን ሊቀበሉ የመጡት ሦስት ወንዶች ናቸው። በሦስቱ ፊት አንዲት ቃል አልወጣትም። ወላሂ፣ አንዲት ሴት አብራ መጥታ ቢሆን ትናገር ነበር።»

መርማሪ ወደ ገጠር ቀበሌ ያለ መሣሪያ አይወጣም። ስለዚህ ዘሃራ የምትፈልገው ሥራ በአዛውንቱ በኩል ነበር የሚያልፈው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሴቶቹን እንዴት እንዳስተማርኳቸው ልናገር። ማንም ሳያዘኝ፣ የሃምሳ አለቃ ይማምን መንገድ ለሴቶቹ ስል ለወጥኩት። በእኛ አገር ባዕድ ወንድ የሴት እጅ ይዞ አያስተካክልም፤ እንኳን እጅ ሊይዝ አፍጥጦም አያያትም። ስለዚህ ሲተኩሱ ትከሻቸው ሥር መቆሙን ትቼ ሦስት እርምጃ ያህል በስተቀኝ ራቅ ብዬ መቆም ጀመርኩ። አያያዙን ሳሳያቸው ደግሞ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነው። ለሚያዳምጥህ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው፤ ለሴት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ባዶውን አዛውንት በሁለት እጄ ይዤ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ «እንደዚህ ያዙት» እላለሁ። «ኤዬ፣ ሳጅን» ይላሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። የሚያዩት ከፊት በኩል የተደራረቡትን ጣቶቼን ነው። አውራ ጣቶቼ ያሉት በእኔ በኩል፣ በሽጉጡ ግራ ጎን ላይ፣ ከሌሎቹ ጣቶቼ ኋላ ተከልለው ነው። እነሱ ከቆሙበት እንደማይታይ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ራሴን ጨዋ አስተማሪ አድርጌ እቆጥር ነበር።

የባዶ ሽጉጡ ልምምድ ጥሩ ሄደ። የዘሃራ ሳንቲም ከሁለተኛው ቀን በኋላ አልወደቀም። ስለዚህ ሜዳ የወጣን ቀን ሌሎቹን ላደፋፍር ብዬ እሷን አስቀደምኩ።

ከብቶቹ ከጉብታው ሥር እስኪርቁ ጠበቅን። ዘሃራ አቀባበለች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ተኮሰች። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ከመሐሉ ጥቁር ክብ ጥግ ላይ ነበር የመታችው። በመጀመሪያ ጥይት እንዲህ የመታ ወንድ ተማሪ አልነበረኝምና ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ «ሀርካ ኮ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ፤ እጄን ማለቷ ነው። ስዞር አዛውንቱ መሬት ላይ ወድቋል፤ ሌላ ጥይት ጎርሷል፣ ቃታው ተስቦ ቢሆን ሰው ያጠፋ ነበር። ከደሟ ይልቅ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ሽጉጡን አንስቼ ጥይቱን እስካወጣ ሴቶቹ ከበዋት በሻሽ እጇን ጠምጥመውታል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እጇን አላየሁትም።

ጤና ጣቢያ ተሰፋላት። ሌሎቹ ስድስቱ ደሙን አይተው የግራ እጃቸውን ሽጉጡ ላይ አናደርግም አሉ፤ ለምን የግራውን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ በአንድ እጅ ሞከሩ፣ ጉብታውንም የሳቱ ነበሩ። ሁሉም ወደቁ። አዛዣችን ከሰዓት በኋላ ሪፖርት ፈለጉ። ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ የኮንስታብል ዘሃራ እጅ አነስተኛ በመሆኑ ለትልቁ ሽጉጥ አይመጥንም፤ ደንግጣም የጎረሰ መሣሪያ ጥላለች፤ ለመስክ ሥራ አትመከርም። ትንሽ እጅ ያለው ሰው አዛውንቱን ሲይዝ ቀኝ እጁን ከሽጉጡ ኋላ ያለው መዶሻ እንደሚነክሰው በወንዶቹ አይቼ ነበር። ያው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዘሃራ መዝገብ ቤት ተመደበች። የባለጉዳይ ማመልከቻ ትቀበላለች፣ ማህተም ትመታለች፣ መጻፍ የማይችለውን አውራ ጣቱን የቀለም ንጣፉ ላይ አስነክራ ታስፈርማለች። አንድ ጊዜ በረንዳ ላይ አገኘችኝና «ሳጅን፣ እንደገና ልሞክር?» አለችኝ።

«እጅሽ ትንሽ ነው፣ ዘሃራ። እኔ ምን ላድርግሽ?»

እጇን ዘርግታ አየችው። «እሺ» ብላ ገባች።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ቦርከና ወንዝ ዳር ካለ አንድ ቀበሌ አንዲት ተማሪ ተጠለፈች። ስሟን አልጽፍም። ቀበሌው ከጠላፊው ቤት አውጥቶ ለቤተሰቧ መልሷት ነበር፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ለጠላፊው ትዳርለት እያሉ ነው። መርማሪው ወንድ ነው፣ ሌላ አልነበረንም፤ እኔ በአጃቢነት ሄድኩ። በአባቷ ቤት መደብ ላይ ተቀመጥን። እንዳላሳፍራት ብዬ ጎኔን ሰጥቻት፣ ወደ በሩ እያየሁ ተቀመጥኩ። መርማሪው በፈቃድሽ ነው የሄድሽው ወይስ በግድ ብሎ ደጋግሞ ጠየቃት። መልስ የለም። መጨረሻ ላይ «የምለው የለኝም» አለች። ቃሏ ይኸው ተብሎ ተጻፈ፣ ፈረመች፣ ፋይሉ ተዘጋ። በሳምንቱ ለጠላፊዋ ተዳረች።

ፋይሉን ወደ መዝገብ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዘሃራ ቆማ አነበበችው። አንድ ገጽ ነበር።

«ሴት አብራ አልሄደችም?»

«ማን ትሂድ?» አልኳት።

ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ማህተሙን መታች። ያኔ ነው ያየሁት። ጠባሳው ቀኝ እጇ ላይ አልነበረም። የግራ አውራ ጣቷ ጀርባ ላይ፣ ከአንጓው በላይ፣ አግድም የተጋደመ ጠባሳ ነበር። አዛውንቱ ሲተኮስ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ይመለሳል። እዚያ ቦታ ላይ ሊቆርጣት የሚችለው የግራ አውራ ጣቷን ከብረቱ ኋላ አጋድማ ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ከእጅ ማነስ ጋር አይገናኝም። ትከሻዋ ሥር ቆሞ እጇን ያየ ሰው በአንዲት ቃል ያስተካክለው ነበር።

«ያን ቀን የግራ አውራ ጣትሽን የት ነበር ያደረግሽው?» አልኳት።

የቀለም መያዣውን እንደ ሽጉጥ ይዛ አሳየችኝ። ልክ እዚያው ነበር።

«ለምን?»

«እርስዎ ሲያሳዩን አውራ ጣትዎ አይታይም ነበር፣ ሳጅን። ከኋላ በኩል ይሆናል ብዬ ነው።»

መሣሪያ ክፍል ሄድኩ። አዛውንቱን ባዶ መሆኑን አረጋግጬ መታጠቢያ ክፍል ካለው መስታወት ፊት ቆምኩ፣ ለሴቶቹ እንደማሳየው ያዝኩት። አውራ ጣቶቼ አይታዩም። እየተጠጋሁ፣ እየራቅኩ ሞከርኩ። አይታዩም። ሃምሳ አለቃ ይማም በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምንም አይሉኝም ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ የድሮው ሪፖርቴ ስህተት ነው የሚል ደብዳቤ ይዤ አዛዣችን ዘንድ ገባሁ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ፋይልህ ውስጥ ይገባል። ዕድገትህ ይቆያል።»

«ይቆይ።»

«ልጅቱ እንደሆነች ሥራ ለምዳለች። አሁን ምን ይጠቅማል?»

«እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው። ጠየቋት። ዕድገቴም እንዳሉት ቆየ።

ሰባቱንም እንደገና ሰበሰብኩ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ጀርባዬን ልሰጣችሁ ነው» ብዬ ዞርኩና በትከሻዬ በኩል እያዩ አያያዙን አሳየኋቸው። አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ሳቁብኝ። ይህ ግማሹን ፈታው። ቀሪው ግማሽ አላለቀም፤ የእነሱን ጣት ማን ያስተካክላል? የከረመ ልማድ ነውና እጄን ልዘረጋ አልቻልኩም፤ እነሱም አይወዱትም።

መላውን ያመጣችው ዘሃራ ናት። ከመዝገብ ቤት የቀለም ንጣፏን ይዛ መጣች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን ነከረች፣ ባዶውን አዛውንት ያዘች፣ ቃታውን ሳበች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በሽጉጡ ግራ ጎን ሁለት ሐምራዊ አሻራዎች ጎን ለጎን ወጥተዋል።

«ይኸው» አለች። «አሻራው እዚህ ከወጣ ልክ ነው። እዚህ ካልወጣ ጣቱ ሌላ ቦታ ነው። ማንም ማንንም መንካት የለበትም።»

ሃምሳ አለቃ ይማም በጣታቸው የሚሠሩትን እሷ በቀለም ሠራችው። አዛውንቱን ቀኑን ሙሉ በቤንዚን ስወለውል ዋልኩ፤ ቅሬታ አልነበረኝም።

ሜዳ ስንወጣ ዘሃራ ትከሻ ሥር ቆምኩ፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ። ከጥይቶቹ መሐል አንድ የከሸፈ ቀላቅያለሁ። ሁለት ተኮሰች፣ በሦስተኛው «ቀጭ» አለ። አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱን ያየሁት አምስቱም ካለቁ በኋላ ነው። አለፈች። ከሰባቱ አምስቱ አለፉ። ዘሃራ በዚያው ዓመት መርማሪ ሆነች። መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያች ልጅ ቤት ነው። ልጅቱ ሕፃን አቅፋ በሩን ከፈተችላት፣ በእንግዳ ወግ ተቀበለቻት፣ ስለ ጉዳዩ ግን አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዘሃራ ብዙ ሴቶች ቃላቸውን ሲሰጡ ጽፋለች፤ እኔ ጡረታ ስወጣም ተኩስ የማስተማሩን ሥራ የተረከበችው እሷ ናት።

የተሰናበትኩ ቀን የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኋትና ብዙ ጊዜ ልላት አስቤ ያልቻልኩትን አልኩ። «ዘሃራ፣ አውፍ በዪኝ።»

«እኔ ድሮ ብያለሁ፣ ጋሼ» አለች። ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። «የዚያችን ልጅ አውፍ ግን እኔ ልሰጥዎት አልችልም። እሱን ከሷ ነው የሚጠይቁት።»

ልጅቱ አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። በገበያ ቀን ሰንበቴ ከተማ ቅቤ እንደምትሸጥ ዘሃራ ነግራኛለች። ሁለት ጊዜ እስከ ቅቤ ተራው ደርሼ ተመልሻለሁ። ያለፈው ገበያ ቀን ቀረብኩ።

«ኮታ አባባ፣ ኑ ቅመሱ፤ የጨፋ ቅቤ ነው» አለችኝ።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። እጇን በቅጠል ጠረገች።

«አውቄዎታለሁ» አለች። «ያን ቀን ወደ በሩ እያዩ ነበር የተቀመጡት።»

«ላክብርሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ ለመሄድ የቸኮሉ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ገዢ መጣባትና ቅቤ ልትመዝን ጎንበስ አለች። ፊቴን ወደሷ እንዳደረግኩ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።